ወጪት ሰባሪ

ወንጂ ተወልዶ ካደገ ጓደኛዬ ጋር ሻይ እየጠጣን ስለ ከተማው ውሃ አነሳሁበት። ፊቱ ተለዋወጠ። «ስማ፣ እኛን ያሳደገን ፋብሪካው ነው። ወጪት ሰባሪ አታድርገኝ» አለኝ። ይቺ ቃል እስከዛሬ ትከነክነኛለች።

ወንጂ ከአዳማ ብዙም ሳይርቅ አዋሽ ዳር ያለች ትንሽ የሠራተኛ ከተማ ናት። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ የተከለው ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም ማምረት ጀመረ፤ በ1967 ዓ.ም ደግሞ ደርግ ወረሰው። ከከምባታ፣ ከሀዲያ፣ ከወላይታ ብዙ ሰው አገዳ ሊቆርጥ መጣ። አገዳው ከመቆረጡ በፊት ቅጠሉ ይቃጠላል፣ ቆራጩም ጥላሸት ለብሶ ይውላል። ቤቱ የፋብሪካው፣ ክሊኒኩ የፋብሪካው። የልጅነታችን ደስታ ከረሜላ ሳይቀር ከዚያው ነበር የሚመጣው።

ውሃውስ? የስምጥ ሸለቆ ድንጋይ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ወንጂ ላይ ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ ያላቸው ጉድጓዶች ነበሩ። ጠላው ወይ ሽታው ቢያስታውቅ እኮ ጥሩ ነበር፤ ጥርት ያለ ውሃ ነው። ቢያፈሉትም አይለቅም። የሚገርመው ደግሞ ጥርስ ላይ የሚወጣው ቡናማ ቀለም የሚይዘው ጥርሱ ገና ሲሠራ፣ በልጅነት ነው። ስለዚህ ጎልምሶ የመጣው አባት ጥርሱ እንደነጣ ይቀራል፣ እዚያ የተወለደው ልጁ ግን ሲስቅ አፉን ይሸፍናል። ውሃው አባትየውን የሚያገኘው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አጥንቱ ላይ ነው።

እንግዲህ ይህን መናገር ወጪት መስበር ነው?

አባባሉ ለእንግዳ የተሠራ ይመስለኛል። ሰው ቤት ገብተህ፣ በነጻ በልተህ፣ ስትወጣ ሳህኑን ከሰበርክ በእርግጥም ነውረኛ ነህ። አገዳ ቆራጩ ግን እንግዳ አልነበረም። ደሞዙ ስጦታ አይደለም፤ በላቡ ከፍሎ ነው የበላው። ልጁ ደግሞ ጭራሽ ምንም አልተዋዋለም፣ የተቀዳለትን ጠጣ እንጂ።

ግን ቸኩያለሁ። ጓደኛዬ የሚያወራው ስለ ደሞዝ አይደለም። ስለ ኳስ ሜዳው፣ ከአምስት ቦታ መጥተው አንድ ዕድር ስለገቡ ጎረቤቶች ነው የሚያወራው። ይሄ እውነት ነው፣ ምስጋናም ይገባዋል። ያንን የሠሩት ግን ሰዎቹ ናቸው፤ ምስጋናው አድራሻ የተሳሳተ ይመስለኛል።

ድንጋዩን ማንም አላስቀመጠውም፣ በድንጋይ ሰው አይከሰስም። ነገሩ ከታወቀ በኋላ ግን ጥያቄው ሌላ ነው። ፍሎራይድ የሚያጣሩ መሣሪያዎች የኋላ ኋላ ተተክለዋል። ከዚያ በፊት ለጠጣውስ? ፋብሪካ ከኩባንያ ወደ መንግሥት ሲዞር ማሽኑና መሬቱ አብሮ ከዞረ፣ ዕዳው ለምን ወደ ኋላ ይቀራል?

ደግሞ እኛም አለንበት። ስኳሩ በከረጢት እየሆነ አዲስ አበባ ድረስ መጣልን፣ ውሃው እዚያው ቀረ። ከዚያ ወጪት በነጻ የበላ ካለ፣ ያው በየቤታችን ስኒ ይዘን የተቀመጥነው ነን።

ይህን ሁሉ ስነግረው ጓደኛዬ ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ የስኳሩን ዕቃ ወደ እኔ ገፋ አድርጎ፣ «ሻይህ ቀዘቀዘ» አለኝ።