ማይልና ታማኝነት

አየር መንገዶች ደጋግመው ለሚበሩ ደንበኞቻቸው ማይል የሚቆጥሩበት አሠራር የተስፋፋው፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1978 በዋጋና በመስመር ላይ የነበረውን የመንግሥት ቁጥጥር ካነሣች በኋላ ነው። ውድድሩ ሲበረታ አሜሪካን ኤርላይንስ በ1981 የራሱን መርሐ ግብር ጀመረ፤ ዩናይትድም በዚያው ወር ተከተለ። ዓላማው ደንበኛን ታማኝ ማድረግ ነበር። እንግዲህ የትኛው መርሐ ግብር ይሻላል ከማለት በፊት፣ መንገደኛ ለአየር መንገድ የሚኖረው ታማኝነት ምን ዓይነት እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል።

አርስቶትል በሥነ ምግባር መጽሐፉ ወዳጅነትን በሦስት ይከፍላል፦ በጥቅም፣ በደስታና በመልካም ጠባይ ላይ የቆመ። በጥቅም ላይ የቆመው ጥቅሙ ሲቀር አብሮ ይቀራል። ይህ ነውር የለበትም፤ ነጋዴና ደንበኛ የሚገናኙት በዚሁ ነው። ስሕተት የሚሆነው ለልብ ወዳጅ የሚገባውን ለጥቅም ወዳጅ መስጠት ነው። የአየር መንገድና የመንገደኛ ግንኙነት ከመጀመሪያው ወገን ለመሆኑ ማስረጃው ደንቡን ኩባንያው ብቻውን መለወጡ ነው። ዴልታና ዩናይትድ በ2015 የማይሉን መለኪያ ከተበረረው ርቀት ወደ ተከፈለው ዋጋ አዛውረዋል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመትም የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ከኖርዝዌስት አየር መንገድ መርሐ ግብር የተሰረዘ አንድ መንገደኛ ኩባንያው ቅን ልቡና አጉድሏል ሲል ያቀረበውን አቤቱታ፣ ቁጥጥሩን ያነሣው የ1978ቱ ሕግ አይፈቅድም ብሎ ሳይቀበለው ቀርቷል።

በጥቅም የቆመ ነገር በጥቅም ስለሚመዘን ምርጫው ከጉዞ ልማድ ይነሣል። ቀዳሚው መመዘኛ መስመር ነው። ከአዲስ አበባ ለሚነሣ ሰው የኢትዮጵያ አየር መንገድ መርሐ ግብር የሆነው ሼባማይልስ የቅርብ ምርጫ ነው፤ አየር መንገዱ በ2011 ስታር አሊያንስ የተባለውን የአየር መንገዶች ኅብረት ስለተቀላቀለ ማይሉ በሉፍታንዛና በተርኪሽ በረራዎችም ያገለግላል። ዋሽንግተን የሚኖር፣ ለሥራው ዘወትር በዩናይትድ የሚበርና አልፎ አልፎ በኢትዮጵያ አየር መንገድ አገር ቤት የሚመጣ ሰው ግን፣ ዩናይትድም የዚሁ ኅብረት አባል ስለሆነ፣ ሁሉንም በዩናይትድ አባልነቱ ቢያስመዘግብ ማይሉ በሁለት ቦታ አይበታተንም። ሁለተኛው መመዘኛ ድግግሞሽ ነው። በየወሩ ለሚበር ሰው ከነጻ ትኬት ይልቅ የአባልነት ደረጃው ይጠቅመዋል፤ የወርቅ ደረጃ ተጨማሪ ሻንጣና የማረፊያ ክፍል ያስገኛልና። በሁለት ዓመት አንዴ ለሚበር ደግሞ ዋናው ጉዳይ ማይሉ የአገልግሎት ጊዜው ሳያልፍ ለትኬት የሚበቃ መሆኑ ነው። ሦስተኛው የትኬቱ ዓይነት ነው፤ በቅናሽ የተገዛ ትኬት ብዙውን ጊዜ የሚያስገኘው ማይል ትንሽ ስለሆነ፣ ርካሽ ትኬት የሚፈልግ ሰው ለአንድ ኩባንያ መታሰሩ አይረባውም።

ከምርጫው በኋላም ፈተና አለ። ያው አርስቶትል በፖለቲካ መጽሐፉ፣ ለቤት ፍላጎት የሚሰበሰብ ሀብት ልክ አለው፣ ለመሰብሰብ ሲባል ብቻ የሚሰበሰብ ገንዘብ ግን ልክ የለውም ይላል። ማይልም እንዲሁ ነው። ዘመድ ለመጠየቅ ወይም ሥራ ለማከናወን ሲያገለግል መጠኑ ይታወቃል። ደረጃ እንዳይወርድ ሲባል ብቻ ጉዳይ ወደሌለበት ከተማ በሚበር ሰው ዘንድ ግን መሣሪያው ዓላማ ሆኗል፤ በልማዱ የመረጠው መርሐ ግብር ልማዱን መግዛት ጀምሯል።

ጥያቄው የሚከብደው ትኬቱን የከፈለው ሌላ ሲሆን ነው። የጀርመን ፌዴራል የሥራ ክርክር ፍርድ ቤት በ2006 በአሠሪ ወጪ የተገኘ ማይል ለአሠሪው እንደሚገባ ወስኗል። አሜሪካ በአንጻሩ በ2001 ማብቂያ በወጣ ሕግ ለፌዴራል ሠራተኞቿ ለግላቸው እንዲጠቀሙበት ፈቅዳለች። ሁለቱም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው፦ አንዱ ገንዘቡ ከማን እንደወጣ፣ ሌላው የጉዞውን ድካም ማን እንደተሸከመ ያያል። ሕግ ለሠራተኛው ሲፈቅድ እንኳ ግን የማይፈቅደው አለ፤ ለራሱ ማይል ሲል ውዱን ትኬት የሚያስገዛ ሠራተኛ ያልተሰጠውን ወስዷል። ስለዚህ በራስ ገንዘብም ሆነ በሌላው ለሚደረግ ጉዞ አንድ መፈተኛ ይበቃል፦ ማይል የሚባል ነገር ባይኖር ያው ትኬት ይገዛ ነበር ወይ? መልሱ አዎን ከሆነ ማይሉ ምርቃት ነው፤ አይደለም ከሆነ ግን ዋጋውን አንድ ሰው ከፍሎበታል።