የተገኘ ሁሉ የአግኚው ነውን?

ውድ አንባቢ፤ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ አሮጌ ቤት ገዝተው፣ በጓሮው ለጎመን የሚሆን መደብ ሲያዘጋጁ፣ ዶማዎ አንዲት ያረጀች የመዳብ ሳንቲም ቢያወጣ ሳንቲሟ የማን ናት? የእርስዎ? ቤቱን የሸጠልዎ ሰው? ወይስ ከመቶ ዓመት በፊት ከኪሱ የወደቀችበት ሰው?

ጥያቄው የቀልድ አይደለም። በዚህ አገር ቅዳሜና እሑድ በጆሮው ማዳመጫ አጥልቆ፣ ብረት መፈለጊያ መሣሪያ እያወዛወዘ፣ የጥንት ቤቶች በነበሩበት ቦታ ሲመላለስ የሚውል ብዙ ሰው አለ። መሣሪያው ይጮኻል፤ ሰውየው ይቆፍራል፤ ሳንቲም፣ ጥይት፣ የወታደር ልብስ ቁልፍ ያወጣል። ለአንዳንዱ መዝናኛ፣ ለአንዳንዱም መነገጃ ነው።

አካባቢያችን ለዚህ የተመቸ ነው። ከተማችን ስሟን ያገኘችው ፍራንሲስ ፕሬስተን ብሌር እ.ኤ.አ. በ1840 ካገኘው ምንጭ ነው፤ በውሃው ውስጥ እንደ ብር ያብለጨለጨው ማይካ የሚባል ድንጋይ ነበር። በጁላይ 1864 ደግሞ የጄኔራል ጁባል ኧርሊ የደቡብ ጦር ዋሽንግተንን ሊወጋ መጥቶ እዚሁ ሰፈረ፤ የብሌር ልጅ የሞንትጎመሪ መኖሪያ ቤትም ያኔ ተቃጠለ። ከእግራችን በታች ያለው አፈር ባዶ አይደለም።

ሕጉ መልስ አለው። በግል ይዞታ ላይ ባለቤቱ ከፈቀደ በአብዛኛው መፈለግ ይቻላል። በፌዴራል መሬት ላይ ግን በ1979 የወጣው ሕግ ከመቶ ዓመት ያለፈውን ቅርስ ያለ ፈቃድ መቆፈር ይከለክላል። በብሔራዊ ፓርኮችማ በመሣሪያው መጠቀም ራሱ ክልክል ነው። ሆኖም ሕጉ አጥሩ ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ ከአጥሩ ወዲህ ያለው ለኅሊና የተተወ ነው።

በእኔ አስተያየት ክርክሩ ያለው በሁለት ቃሎቻችን መካከል ነው፤ በሲሳይና በአደራ። ሲሳይን ይበሉታል፤ የሚጠይቅዎ የለም። አደራን ግን ይጠብቁታል፤ ቢበሉት ስምዎ አደራ በላ ነው። ከምድር የወጣ አሮጌ ነገር ከየትኛው ይመደባል?

አደራ ነው የምለው ስለዚህ ነው። ሳንቲም የምትናገረው ከተገኘችበት ቦታ ጋር ስትሆን ነው። ተነክቶ በማያውቅ ወለል ሥር በ1830 የተሠራች ሳንቲም ብትገኝ፣ ወለሉ ከ1830 በፊት እንዳልተነጠፈ ትመሰክራለች። ያቺው ሳንቲም ተወልውላ መስታወት ውስጥ ስትቀመጥ ግን ዲዳ ትሆናለች። ቦታዋ አንዴ ከተረሳ በገንዘብ አይመለስም።

ጉዳቱ የሚብሰው የመጻፍ ዕድል ባላገኙት ላይ ነው። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ፣ ዛሬ ኖርዝ ቤተዝዳ በሚባለው ሰፈር፣ ጆሳያ ሄንሰን በባርነት የኖረበት እርሻ ነበር። ሄንሰን ወደ ካናዳ አምልጦ ታሪኩን በ1849 አሳተመ፤ ታሪኩም ለሃሪየት ቢቸር ስቶው ዝነኛ ልቦለድ መነሻ ሆነ። በቦታው ቁፋሮ ተካሂዶ ተጠንቷል፤ በ2021ም ቤተ መዘክር ተከፍቶበታል። ከእርሱ ጋር የማቀቁት ግን መጽሐፍ አልተዉም። የእነርሱ መጽሐፍ የወደቀ ቁልፍ፣ የተሰበረ ሳህን፣ የጎጆ ምስማር ነው። ያንን እየለቀመ ወደ ቤቱ የሚወስድ ሰው ገጽ እየገነጠለ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። የአክሱም ነገሥታት በወርቅ፣ በብርና በመዳብ ገንዘብ ያሠሩ ነበር። በንጉሥ ኢዛና ገንዘብ ላይ በመጀመሪያ ጨረቃ ይታያል፤ ኋላ መስቀል ይተካዋል። የአንድ ሕዝብ የሃይማኖት ለውጥ በጥፍር በምታህል ብረት ላይ ተጽፎልናል። ከገንዘባቸው በቀር ሌላ ማስታወሻ ያልቀረላቸው ነገሥታትም አሉ። ለዚህ ነው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ለመንግሥት እንዲያስታውቅ የሚያዘው።

“ችግረኛ ገበሬ ያገኛትን ሳንቲም ሸጦ ልጁን ቢያበላስ?” ይሉኝ ይሆናል። በእርሱ ለመፍረድ አልደፍርም፤ ፍርዱ የሚከብደው ጠግቦ በሚገዛው ላይ ነው። “እኔ ባላወጣው ዝገት ይበላው፣ ዶዘር ይጠርገው ነበር” የሚልም አለ። አንዳንዴ እውነቱን ነው። በእንግሊዝ ከ1997 ጀምሮ አግኚዎች ያገኙትን ከነቦታው በፈቃዳቸው የሚያስመዘግቡበት ሥርዓት አለ፤ ብዙ እውቀትም ተገኝቶበታል። ስለዚህ ጥፋቱ መፈለጉ ብቻውን አይደለም፤ አግኝቶ ዝም ማለቱ ነው።

ዝም ላለማለት ግን ዋጋ ይከፈላል። ሮተርዳም የሚኖሩት አቶ ሲራክ አስፋው በ1998 አንድ እንግዳ ቤታቸው በተወው ሻንጣ ውስጥ የጨለቆት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የ18ኛው መቶ ዘመን ዘውድ አገኙ። ቢሸጡት ከበርቴ በሆኑ ነበር። እርሳቸው ግን 21 ዓመት ደብቀው ጠበቁት፤ በ2020ም ዘውዱ አዲስ አበባ ገባ። ዘውዱን ከአፈር አላወጡትም፤ የገጠማቸው ጥያቄ ግን የእርስዎው የጓሮ ጥያቄ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ነገ ዶማዎ አንድ ነገር ቢያወጣ አይፈትጉት። ቦታውን ምልክት ያድርጉበት፣ ፎቶ ያንሱት፣ ለሚያጠኑት ያሳዩ፣ ለልጅዎም ይንገሩ። ከዚያ በፊት ግን አንድ የቤት ሥራ አለብን። ከአገር ቤት ስንመለስ በሻንጣችን ያመጣናት የአክሱም ሳንቲም፣ በስጦታ የተቀበልነው አሮጌ ብራና፣ ከየት እንደወጣ ሳንጠይቅ የገዛነው መስቀል በመሳቢያችን የለም? ካለ፣ ሲሳይ ነው ወይስ አደራ?