ኤልሳዕ ወደ ምንጩ ወጣ



የኢያሪኮ ሰዎች ለነቢዩ ኤልሳዕ ያቀረቡት አቤቱታ በ2ኛ መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 2 ከቁጥር 19 ጀምሮ ተጽፎ ይገኛል። ከተማቸው ለኑሮ የተመቸች ነበረች፤ ውኃዋ ግን ክፉ፣ ምድሯም ፍሬ የማትሰጥ ነበረች። በዕብራይስጥ የተጻፈው ቃል ፅንስ ማስወረድንም ያመለክታል። እንግዲህ ያማረችው ከተማ እናቶችን ታስለቅስ ነበር ማለት ነው።

ይህን ንባብ የሚሰማ የሐዋሳ ሰው ስለ ገዛ ከተማው የተነገረ ቢመስለው አያስደንቅም። ሐዋሳም ያማረች ናት። ፍቅር ሐይቅ ዳር የሚንሸራሸረው እንግዳ፣ በአሞራ ገደል ቆሮሶና አምባዛ የሚገዛው ቤተሰብ፣ ሁሉም ስለ ውበቷ ይመሰክራል። ነገር ግን ሐይቃችን በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። ጥቁር ውኃ ይገባበታል፤ ከሐይቁ ወጥቶ የሚሄድ ወንዝ ግን የለም። ፀሐይ ውኃውን ታተናለች፤ በውኃው የመጣውን ከባድ ብረት ግን አታተንም። ስለዚህ ወደ ሐይቁ የምንጥለው ነገር በጭቃውና በዓሣው ውስጥ ይቀመጣል፤ ኋላም ወደ ማዕዳችን ይመለሳል።

ጉዳቱ የሚመጣበት መንገድ የታወቀ ነው። ከጨርቃ ጨርቅ ማቅለሚያ የሚወጣ ያልተጣራ ፍሳሽ ብርሃን ወደ ውኃው እንዳይገባ ይከለክላል፤ ዓሣ የሚተነፍሰውንም ኦክስጅን ያሳጣል። የሐዋሳ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፍሳሽ በውኃ ውስጥ ሕይወት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የሀገራችን ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት መርምረዋል። ከዚያም ወዲህ በተደረጉ ጥናቶች ሌሎች ዓሦችን እየበላ በሚያድግ አንድ የሐይቁ ዓሣ ሥጋ ውስጥ ከፍ ያለ ሜርኩሪ ተገኝቷል። ሜርኩሪ ከምድርም ስለሚወጣ ማንንም በጅምላ አንከስም። ይሁን እንጂ ይህ መርዝ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው በማኅፀን ያለውን ሕፃን አእምሮ መሆኑን ማወቅ ይገባናል።

በጃፓን ሀገር በሚናማታ የሆነውን እናስታውስ። ከአንድ የኬሚካል ፋብሪካ ወደ ባሕር የተለቀቀው ሜርኩሪ ዓሣ አጥማጆችንና ልጆቻቸውን አሽመደመደ። በሽታው በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1956 ሲሆን፣ መርዙ መፍሰሱን ያቆመው ግን በ1968 ነው። በእነዚያ 12 ዓመታት ብዙ ሰው ዝም አለ፤ ፋብሪካው የከተማው እንጀራ ነበርና።

ተወዳጆች ሆይ፤ የእኛም ፈተና በዚሁ ላይ ነው። በፋብሪካ የሚሠሩት ልጆቻችን ናቸው፤ ደመወዛቸው የቤት ኪራይ ይከፍላል፣ በገጠር ያሉትን ወላጆች ይረዳል። ስለዚህ ፋብሪካ ይዘጋ አንልም። ነገር ግን የአንዱ ልጅ እንጀራ የሌላውን ልጅ ጤና ዋጋ እንዲያስከፍል እግዚአብሔር አልፈቀደም። ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 34 የወቀሳቸው የሰቡ በጎች ጥሩውን ውኃ ከጠጡ በኋላ የቀረውን በእግራቸው አደፈረሱት፤ ደካሞቹም የደፈረሰውን ለመጠጣት ተገደዱ። ኃጢአታቸው መጠጣታቸው ሳይሆን ከእነርሱ በኋላ የሚጠጣ ወንድም እንዳለ መርሳታቸው ነበር።

ኤልሳዕ ምን አደረገ? በየቤቱ እየዞረ እንስራዎችን አልባረከም። አዲስ ማሰሮና ጨው አስመጥቶ ወደ ውኃው ምንጭ ወጣ፤ ፈውስም ከዚያ ጀመረ። እኛ ግን ብዙ ጊዜ የምንደክመው በእንስራው ላይ ነው። ልጅ ሲታመም መድኃኒት እንገዛለን፤ ይህም ተገቢ ነው። ምንጩን ግን ማን ይጠይቅ?

መጠየቅ ዓመፅ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት ለሁሉም ሰጥቷል፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም በካይን ተጠያቂ ያደርጋል። መፍትሔውም ከሰው አቅም በላይ አይደለም። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን ወደ ውጭ ሳይለቅ አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀምበት ታስቦ ተሠርቷል። ማጣሪያ ግን ቀንና ሌሊት ካልሠራ ግንብ ብቻ ነው። እንግዲህ ሥራ አስኪያጅ የሆንህ፣ ማጣሪያው በሌሊትም ይሥራ። ተቆጣጣሪ የሆንህ፣ ያየኸውን ጻፍ። ሠራተኛ የሆንሽ፣ ያወቅሽውን ከባልደረቦችሽ ጋር ሆነሽ ተናገሪ። መኪናውን በወንዝ ዳር የሚያጥብ፣ ቆሻሻውን ወደ ቦይ የሚጥል ምእመንም ራሱን ከዚህ ወቀሳ ነጻ አያድርግ።

ነፍሳቸውን በመንግሥቱ ያሳርፍልንና ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው መልእክታቸው የምድርን ጩኸትና የድሆችን ጩኸት አብረን እንድንሰማ አስተምረውናል። በሐዋሳ ሁለቱ ጩኸቶች ከአንድ ሐይቅ ዳር ይሰማሉ።

በጥምቀት ውኃ ወልዶ ልጆቹ ያደረገን አምላክ፣ ወደ ምንጩ የምንወጣበትን ድፍረት ይስጠን፤ ውኃችንን ይፈውስልን፤ ገና ያልተወለዱትንም ይጠብቅልን። አሜን።