ሠሪው የናቀውን ሥራ መውደድ ይገባልን?

አንድ ሥራ ከሠሪው እጅ ወጥቶ በሕዝብ መካከል ከኖረ በኋላ ስለ ዋጋው የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ማን ነው? የሠራው ሰው ነውን? ወይስ ሥራውን ተቀብሎ ከሕይወቱ ጋራ ያዋሐደው ሰው? ይህ ጥያቄ ዛሬ የተነሣ አይደለም። ቨርጂል የተባለው የሮማ ባለ ቅኔ በሞቱ ዋዜማ «ኤኔይድ» የተባለውን ታላቅ ድርሰቱን ገና አላለቀም በማለት እንዲቃጠል አዝዞ እንደ ነበረ፣ ንጉሠ ነገሥቱ አውግስጦስ ግን ትእዛዙ እንዳይፈጸም እንደ ከለከለ ይተረካል። ቶልስቶይም በሽምግልናው ዘመን ስለ ኪነ ጥበብ ምንነት በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ዓለም ያደነቀለትን የገዛ ራሱን ሥራ ከመጥፎ ጥበብ ወገን መድቦ ሁለት አጫጭር ታሪኮቹን ብቻ አትርፏል። እኛ ግን ለዛሬው ምርመራ የመረጥነው ምሳሌ ከመጻሕፍት መደርደሪያ የተገኘ ሳይሆን ከሮክ ሙዚቃ ሠፈር የተወሰደ ነው። «ይህ መጽሔት ደግሞ ከጊታር መቺዎች ጋራ ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ ቢኖር ነገሩን እስኪሰማ ድረስ ጥቂት ይታገሠን።

ፒንክ ፍሎይድ የተባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ ጓድ በ1965 ዓ.ም. በለንደን ከተማ የተቋቋመ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህ ጓድ በ1970 «አተም ኸርት መዘር» የተባለ ሸክላ አወጣ። ስሙን ወደ ቋንቋችን ብንመልሰው «የአቶም ልብ ያላት እናት» እንደ ማለት ነው፤ የተገኘውም በአቶም ኃይል የሚሠራ የልብ ምት ማስተካከያ ስለ ተገጠመላት ሴት ከሚያወራ የጋዜጣ ርእስ ነው። የሸክላው የመጀመሪያ ገጽ በሙሉ ከ23 ደቂቃ በላይ በሚፈጅ አንድ ድርሰት የተያዘ ነው። በዚህም ድርሰት ከጊታሩ፣ ከኦርጋኑና ከድራሙ ሌላ የናስ ትንፋሽ መሣሪያዎችና ብዙ መዘምራን ገብተውበታል። የእነዚህን ድርሻ የጻፈው ከጓዱ ውጭ የነበረው ሮን ጊሲን የተባለ ስኮትላንዳዊ ነው። በፊት ሽፋኑ ላይ የጓዱም ስም ሆነ የሸክላው ርእስ አልተጻፈም፤ አንዲት ላም ብቻ በመስክ ላይ ቆማ ወደ ተመልካቹ ዞር ብላ ታያለች። ሸክላው በእንግሊዝ አገር በሽያጭ አንደኛ ሆነ፤ ጓዱም ለዚህ ደረጃ ሲበቃ የመጀመሪያው ጊዜ ነበር። በዓለም ሁሉ ስማቸውን ያስጠራው «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» የወጣው ከዚህ በኋላ በ1973 ነው።

ዓመታት አለፉ፤ ሙዚቀኞቹም አረጁ። ስለዚያ ስለ ላሟ ሸክላ በተጠየቁ ጊዜ ሁሉ ጊታር መቺው ዴቪድ ጊልሞርና የባሱ ሮጀር ዎተርስ የሚሰጡት መልስ ወዳጆቻቸውን የሚያስደነግጥ ሆነ። ጊልሞር በዚያን ጊዜ ሐሳብ አልቆባቸው እንደ ነበረና ሥራውም የማይረባ መሆኑን ያለ ማመንታት ተናገረ። ዎተርስ ደግሞ ከዚህ አልፎ ሸክላው ወደ ቆሻሻ ቢጣልና ዳግመኛ ባይሰማ ግድ እንደሌለው አስታወቀ። በሌላ ነገር ሁሉ ሊስማሙ ያልቻሉ፣ በጠበቃና በጋዜጣ ሲካሰሱ የኖሩ ሁለት ሰዎች በዚህ በአንዱ ተስማሙ። ይህ በራሱ የሚያስገርም ነው።

እንግዲህ ክርክሩ የተነሣው ከዚህ ላይ ነው። ከአፍቃሪዎቹ አንዱ ወገን «ሠሪዎቹ ራሳቸው አይረባም ካሉ እኛ ከእነርሱ አብልጠን እናውቃለንን?» ይላል። ይህም ወገን ሸክላውን ከመደርደሪያው ላይ አንሥቶ ወደ ኋላ ያስቀምጠዋል፤ ትናንት ያስለቀሰው ዜማ ዛሬ ያሳፍረዋል። ሌላው ወገን በተቃራኒው ይቆጣል። «ያረጁ ሰዎች የወጣትነታቸውን ድፍረት ያፍሩበታል፤ እነርሱ አላወቁትም እንጂ ከሥራቸው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው» በማለት ይሟገታል። በሁለቱ መካከል ደግሞ ዝም ብሎ የሚያዝን ሰው አለ። ይህ ሰው በአሥራ ስምንት ዓመቱ፣ ምናልባት አባቱ በሞተበት ወይም ከቤቱ ርቆ በሄደበት ወራት፣ በዚያ ዜማ ውስጥ መጽናናትን አግኝቶ ነበር። አሁን የዜማው አባት ነገሩ ሁሉ ከንቱ እንደ ነበረ ሲነግረው የተቀበለው መጽናናት ሐሰት ሆነበት ማለት ነውን? እኛ የምንጽፈው በተለይ ስለዚህ ስለ ሦስተኛው ሰው ነው።

በመጀመሪያ ለሠሪው የሚገባውን ክብር እንስጠው። ሠሪው ሌላው የማያውቀውን ያውቃል። ድርሰቱ በተቀረጸበት ጊዜ ኤ.ኤም.አይ. በተባለው ኩባንያ ስቱዲዮ ውስጥ አዲስ የመቅረጫ መሣሪያ ገብቶ ነበረና ቴፑ በቁጠባ ይታደል ነበር፤ ቴፑንም ቆርጦ መቀጠል የተከለከለ ነበር። ከዚህም የተነሣ ዎተርስና ከበሮ መቺው ኒክ ሜሰን ለድርሰቱ ሁሉ መሠረት የሚሆነውን የባስና የድራም ድምፅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ በአንድ ጊዜ መጫወት ግድ ሆነባቸው። የሙዚቃው ፍጥነት አንዳንድ ቦታ ላይ ፈጠን፣ አንዳንድ ቦታ ላይ ቀሰስ ያለው ስለዚህ ነው። በኋላ የመጡት የናስ ነፊዎችና መዘምራን በዚህ በሚወላውል መሠረት ላይ ድምፃቸውን ለመግጠም ብዙ ተቸገሩ። ጊሲን ነፊዎቹን መምራት ቢያዳግተው የመዘምራኑ አለቃ ጆን ኦልዲስ ተተክቶ ሥራውን እስከ ፍጻሜ አደረሰው። እንግዲህ ጊልሞርና ዎተርስ ሸክላውን ሲሰሙ የሚሰሙት ዜማውን ብቻ አይደለም፤ የዚያን ቀን ድካም፣ የቴፑን እጥረት፣ ሊሆን ሲችል ያልሆነውንም ሁሉ ይሰማሉ። አናጢ በሠራው ወንበር ላይ ሲቀመጥ እኛ ያላየነው ስንጥቅ እንደሚቆረቁረው ያለ ነገር ነው።

ነገር ግን ከዚህ የሚከተለው ምንድን ነው? ሠሪው ስለ ራሱ ሐሳብ ታማኝ ምስክር ነው፤ ምን ለመሥራት እንደ ፈለገና ከፈለገው ስንቱ እንደ ጎደለው ከእርሱ በላይ የሚነግረን የለም። ሥራው በሰሚው ልብ ውስጥ ስላደረገው ነገር ግን ምስክሩ ሰሚው ነው። ሠሪው በዚያ አልነበረም። በማንቸስተር ወይም በሮማ ከተማ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሸክላው ሲዞር ጊልሞር በአጠገቡ አልተቀመጠም። ስለዚህ «የፈለግሁትን አልሠራሁም» ቢለን እናምነዋለን፤ «እናንተም ምንም አላገኛችሁም» ቢለን ግን ያላየውን የሚመሰክር ሰው ሆነ ማለት ነው። ሁለቱ አባባሎች በአንድ ትንፋሽ ስለሚነገሩ ብዙ ሰው አንድ ይመስሉታል። አንድ አይደሉም።

ይህን በእኛ በአንባቢዎቹ ሥራ ብንመለከተው ይበልጥ ይገለጣል። አንድ መምህር ሳይዘጋጅ የገባበት፣ ሲጨርስም ያፈረበት ትምህርት ይኖረዋል። ከሃያ ዓመት በኋላ በመንገድ ላይ አንድ ጎልማሳ ያገኘውና እጅ ነሥቶ «ያን ዕለት ያስተማሩኝ ትምህርት ነው ለዚህ ያበቃኝ» ይለዋል። የተጠቀሰውም ያ ያፈረበት ትምህርት ነው። መምህሩ በዚህ ጊዜ ምን ይበል? «እርሱማ የማይረባ ነበር» ቢል ስለ ራሱ እውነቱን ተናግሯል፤ ነገር ግን የተማሪውን ሃያ ዓመት በአንድ ቃል ያዋርድበታል። «አዎን፣ ትልቅ ትምህርት ነበር» ቢል ደግሞ ዋሽቷል። በበኩላችን የሚሻለው ሦስተኛው መንገድ ይመስለናል፤ ይኸውም ጉድለቱን ሳይሸሽግ፣ ተማሪው ያገኘውን ግን የተማሪው ንብረት አድርጎ መተው ነው። ትሕትና ማለት ራስን ዝቅ ማድረግ እንጂ በራስ ላይ በሚወረወር ድንጋይ የሌላውን ሰው ራስ መምታት አይደለም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከእጅ የወጣ ሥራም እንደዚሁ ነው።

ከአፍቃሪዎቹም ወገን ጥፋት አይታጣም። የጌታውን ፊት አይቶ ጣዕሙን የሚለውጥ ሰው ቀድሞውንም የወደደው ዜማውን አልነበረም፤ ስሙን ነበር። በቢሮ ውስጥ የሚታወቅ ዐመል ነው። አለቃ ያመሰገነውን የሚያመሰግን፣ አለቃ ሲነቅፍ አብሮ የሚነቅፍ ሰው በሙዚቃም ዘንድ አለ። በአንጻሩ «ሠሪው አያውቅም» የሚለው ወገን ከልክ ያልፋል፤ የወደደውን ነገር ጉድለት ሲነግሩት የተሰደበ ይመስለዋል። የሙዚቃው ፍጥነት መወላወሉ እውነት ነው፤ ጆሮ ያለው ሁሉ ይሰማዋል። ይህን አምኖ መውደድ ግን ይቻላል። እንዲያውም እኛ እንደምንገምተው የመሠረቱ መወላወል ለዜማው የመንገደኛ እርምጃ የመሰለ ነገር ሰጥቶታል፤ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ዳገት ላይ የሚያዘግም፣ ቁልቁለት ላይ የሚፈጥን ሰው ይመስላል። ሠሪዎቹ ይህን አላቀዱትም። ያላቀዱት መሆኑ ከእኛ ጆሮ አያስወጣውም።

ደግሞም «ሠሪው እንዲህ ብሏል» ስንል የትኛውን ሠሪ ማለታችን ነው? በ1983 የወጣውን «ዘ ፋይናል ከት» የተባለውን ሸክላ እንመልከት። ዎተርስ ይህን ሥራ ይኮራበታል። ጊልሞር ግን ከዘፈኖቹ አንዳንዶቹ «ዘ ዎል» ለተባለው ለቀደመው ሥራ የማይበቁ ተብለው የቀሩ ናቸው በማለት ተቃውሞ፣ በአዘጋጅነት ተጽፎ የነበረውን ስሙን እስከ ማስወጣት ደርሷል። በአንድ ሸክላ ላይ አንዱ አባት ልጄ ሲል ሌላው አላውቀውም ይላል። የሠሪ ፍርድ የመጨረሻ ነው የሚል ሰው እዚህ ላይ የትኛውን ፍርድ ሊቀበል ነው? በቁጥር እንዳይቆጥር ሁለቱ እኩል ናቸው፤ በችሎታ እንዳይመዝን የዜማው ሚዛን በእጁ ነው ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ ደግሞ ወደ ገዛ ጆሮው ተመለሰ።

ከመናቅ የሚከብድ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም የተሰጠውን መልሶ መለወጥ ነው። ጊልሞርና ሜሰን በ1987 የወጣውን «ኤ ሞመንታሪ ላፕስ ኦፍ ሪዝን» የተባለውን ሥራ በ2019 እንደ ገና አዘጋጅተው አወጡት። በመጀመሪያው ላይ የድራሙን ድርሻ አብዛኛውን መሣሪያና ሌሎች ሰዎች ይዘውት ስለ ነበረ ሜሰን አዲስ ድራም መታበት፤ በ2008 ያረፈው የሪቻርድ ራይት የኪቦርድ ድምፅም ከመድረክ ቅጂዎች ተወስዶ ተጨመረበት። ዎተርስ ደግሞ በ2023 «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን»ን የቀድሞ ጓደኞቹ ሳይኖሩበት፣ የጊታሩን ነጠላ ጨዋታ አስወግዶ የገዛ ንግግሩን በመጨመር እንደ ገና ቀረጸው። ስለ ሁለቱ ሥራዎች የእኛ አስተያየት አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ለሞተ ጓደኛ ድርሻውን የመመለስ ሥራ ስለሆነ ደስ ያሰኘናል፤ ሁለተኛው አንድ ሰው ከአራት ሰዎች ቤት ውስጥ ሦስቱን አስወጥቶ ብቻውን የተቀመጠ ይመስለናል። ይሁን እንጂ አሮጌው ቅጂ ከገበያ እስካልጠፋ ድረስ ሁለቱንም ማንም ሊከለክላቸው አይገባም። የሚያስቀይመው አዲሱ መውጣቱ ሳይሆን አሮጌው ቢታገድ ነበር። ዎተርስ ላሟ ያለችበት ሸክላ ወደ ቆሻሻ ይጣል ሲል ቃሉ ብቻ በመሆኑ ማንንም አልጎዳም። ሥልጣን ቢኖረውና ቢያስጥለው ኖሮ ግን ክርክሩ ስለ ጣዕም መሆኑ ቀርቶ ስለ ፍትሕ ይሆን ነበር። ስለ ቨርጂልም ይኸው ነው፤ አውግስጦስ የሟቹን ኑዛዜ አፈረሰ፣ እኛም ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ ኑዛዜው በመፍረሱ አላዘንም። የሟች ቃል መሻር ግን ቀላል ነገር አይደለምና ስለዚህ ጉዳይ ያለ ሥጋት መናገር አንችልም።

ያ የተናቀው ድርሰት ከዚያ በኋላ የደረሰበትን ደግሞ እንንገር። በ2010ዎቹ መጀመሪያ በፈረንሳይ አገር የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና ለሙዚቃ ተማሪዎች ከሚጠኑት ሥራዎች አንዱ ሆኖ ተመደበ። የአሥራ ሰባትና የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣቶች፣ ደራሲዎቹ ወደ ቆሻሻ ይጣል ያሉትን ሥራ ክፍል በክፍል እየተነተኑ ማርክ ተሰጣቸው። ኒክ ሜሰን በ2018 በሰባ አራት ዓመቱ የራሱን ጓድ አቋቁሞ፣ ከቀድሞ ሥራዎች ጋራ ከዚህ ድርሰት የተወሰደ ክፍል በመድረክ ላይ ሲጫወት ቆየ።

ከዚያም አስቀድሞ በሰኔ 2008 ሮን ጊሲን ድርሰቱን ሙሉ በሙሉ በለንደን ካዶጋን አዳራሽ፣ ከናስ ነፊዎችና ከመዘምራን ጋራ፣ ሁለት ምሽት አስጫውቶ ነበር። በሁለተኛው ምሽት ጊታሩን ይዞ በእንግድነት ወደ መድረክ የወጣው ዴቪድ ጊልሞር ነው።