«ተወው» እና «ተውለት»

የካቲት ላይ የዋሽንግተን ዛፎች ቅጠላቸውን አራግፈው ይቆማሉ፤ ቅጠል ሳለ የተሰወረው ሁሉ ያኔ ይገለጣል። በአናኮስቲያ ወንዝ ዳር ባለው የእግረኛ መንገድ ስሄድ፣ ከማዶ ባለ ረጅም ዛፍ መንታ ላይ የጭራሮ ክምር አየሁ። ጎርፍ ጥሎት የሄደ እንዳልል ጎርፍ እዚያ ከፍታ አይደርስም። ቆይቶ ከክምሩ ውስጥ ነጭ ራስ ብቅ አለ። ሌላ ንስር ከወንዙ በኩል መጥቶ አጠገቧ አረፈ፤ ጥቂት ተያዩና የተቀመጠችው ተነሥታ በረረች፣ የመጣውም በቦታዋ ዕንቁላሉ ላይ ተቀመጠ። ከኋላዬ የአውራ ጎዳናው ጩኸት ለአፍታም አላቋረጠም። የገደልና የምድረ በዳ ነዋሪ አድርገን የምናስበው ንስር በታላቅ ከተማ ወገብ ላይ ምን ያደርጋል? ጥያቄዋን ቀላል ናት ብዬ ይዤያት ቤቴ ገባሁ፤ እሷ ግን አልቀለለችልኝም።

ነገሩን ከስሙ ልጀምር። ይህን ወፍ በአማርኛ «ራሰ በራ ንስር» እንለዋለን። ራሱ ግን በራ አይደለም፤ እንደ ጥጥ በነጣ ላባ የተሸፈነ ነው። ስህተቱ የትርጉም ነው፤ የእንግሊዝኛው ቃል በቀድሞ ዘመን ራሱ ወይም ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበትን እንስሳ ይገልጽ ነበር። ለዚህ ደግሞ እኛ ቃል አላጣንም፤ ግንባሩ ነጭ የሆነውን በሬ «ቦቃ» እንለዋለን። ወፉን ቀድሞ ያየው እረኛ ቢሆን ኖሮ «ቦቃ ንስር» ብሎት ያርፍ ነበር፤ እኔም ከዚህ በኋላ እንዲሁ እለዋለሁ። የሐዋሳን ሐይቅ የሚያውቅ ሰው ዘመዱን ያውቀዋል፤ ዛፍ ጫፍ ላይ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ የሚጮኸው፣ ራሱና ደረቱ ነጭ የሆነው ዓሣ አዳኝ ንስር የሥጋ ዘመዱ ነው። ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል እንዲሉ፣ የሐዋሳው ድምፅ ሐይቁን ያቋርጣል። የአሜሪካው ግን ከግዝፈቱ ጋር የማይሄድ ቀጭን ድምፅ ስላለው ፊልም ሠሪዎች ብዙ ጊዜ የሌላ አዳኝ ወፍ ጩኸት ያውሱታል።

ስሙን አሳስተን አወጣንለት፤ ድምፁንም ከሌላ አመጣንለት። ታሪክ መፍጠር ብቻ ቀርቶን ነበር፤ እሱንም አላስቀረነውም። በየአዳራሹ የሚነገረውን ሰምታችኋል፤ ንስር 40 ዓመት ሲሞላው ተራራ ላይ ወጥቶ መንቁሩን በድንጋይ ቀጥቅጦ ያወልቃል፣ ጥፍሩንም ይነቅላል፣ ታድሶም ሌላ 30 ዓመት ይኖራል ይባላል። መንቁር የሌለው ንስር መብላት አይችልምና መጨረሻው ረሃብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በኒው ዮርክ ግዛት መኪና የገጨው ቦቃ ንስር፣ በጊዜው በዱር ከታወቁት ሁሉ ዕድሜ ጠገቡ ሲሆን፣ 38 ዓመቱ ነበር። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እዚህ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የቅዱሳት መጻሕፍት ንስር ምሳሌ ነውና ምሳሌነቱን አልነካም። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው፤ ስለ ወፉ ብዙ የምናወራው ወፉን ሳናይ ነው።

እንግዲህ ወፉን እንየው። በዚሁ ወንዝ ዳር ናሽናል አርቦሬተም የሚባል የመንግሥት የዛፎች ቅጥር አለ። ከ1947 ወዲህ ንስር ጎጆ ሠርቶበት አያውቅም ነበር። በ2014 ጥንድ ቦቃ ንስሮች መጥተው አንድ ረጅም ዛፍ ላይ ጎጆ ሠሩ። 67 ዓመት የት ቆይተው፣ ለምን ተመለሱ?

የመጀመሪያው መልስ «አሜሪካኖች ስለሚወዱት ነው» የሚል ይሆናል። መልሱ ግን ሚዛን አይደፋም። ንስሩ በአገሪቱ ማኅተም ላይ የገባው በ1782 ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ከአገሪቱ መሥራቾች አንዱ የሆነው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ለሴት ልጁ በጻፈው ደብዳቤ፣ ንስሩ ከሌላ ወፍ ዓሣ እየነጠቀ የሚበላ ምግባረ ብልሹ ነው ሲል ቅሬታውን ገለጸ። እንደ ሰው መከበሩ ሳያንስ እንደ ሰው መከሰሱ ነው። የአላስካ ግዛት ደግሞ ከ1917 እስከ 1953 ድረስ ንስር ገድሎ ለመጣ ሰው ገንዘብ ትከፍል ነበር፤ ከ100,000 በላይ ንስሮች አለቁ። ገዳዮቹ ገንዘቡን የተቀበሉት የዚያው ንስር ምስል በማኅተሙ ላይ ባለበት መንግሥት ሥር ነው። ስለዚህ ምስሉን መውደድና ወፉን መውደድ የተለያዩ ናቸው።

ሁለተኛው መልስ «ከሰው ጋር ተላመደ» የሚለው ነው። ከፊል እውነት አለው። ወንዝ፣ ዓሣና ረጅም ዛፍ ካገኘ ጩኸቱን ችሎ የሚቀመጥ ንስር ጥቂት አይደለም። ነገር ግን ከተማው በ1947ም ነበረ፤ ወንዙም ነበረ። መላመድ ምክንያቱ ከሆነ ስድሳ ሰባት ዓመት ምን ይጠብቃል?

ሦስተኛውን መልስ ለማግኘት ወደ ዕንቁላሉ መመለስ አለብን። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዲዲቲ የተባለው ነፍሳት ገዳይ መርዝ በአውሮፕላን ሳይቀር በእርሻ፣ በደንና በረግረግ ላይ ይረጭ ነበር። ዝናብ ወደ ወንዝ አጠበው፤ ጥቃቅን የውኃ ፍጥረታት ቀመሱት፤ ትንሹ ዓሣ እነሱን፣ ትልቁ ዓሣ ትንሹን፣ ንስሩም ትልቁን በላ። በየደረጃው መርዙ እየተጠራቀመ ሄዶ ላይ ሲደርስ በዛ። ንስሯን ግን አልገደላትም። ካልሲየም ወደ ዕንቁላሏ ቅርፊት በደንብ እንዳይገባ ከለከለ፤ ቅርፊቱም ሳሳ። ከአራት እስከ ስድስት ኪሎ የምትመዝነው እናት ልታሞቀው ስትቀመጥበት ተሰበረ። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም። እናቲቱ አንዳች አላጠፋችም፤ እናት የምታደርገውን አደረገች፤ ዕንቁላሉን የሰበረው ራሱ ማቀፏ ነው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ከአላስካ በስተደቡብ ባሉት ግዛቶች የቀሩት ጥንድ ንስሮች 500 አይሞሉም ነበር። አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ሬቸል ካርሰን ዲዲቲንና መሰል መርዞችን የተመለከተውን መጽሐፏን በ1962 አሳተመች፤ ዲዲቲ በአሜሪካ እርሻ ላይ በ1972 ታገደ። በ2007 ጥንዶቹ ወደ 10,000 ተጠጉና ንስሩ ሊጠፉ ከተቃረቡት መዝገብ ወጣ፤ በ2021 የወጣው ቆጠራ ደግሞ 71,400 ጥንዶች እንዳሉ ገመተ። ንስሩን የመለሰው እንግዲህ ሰዎች ያደረጉት ብቻ ሳይሆን ማድረጋቸውን ያቆሙት ነው። በ1940 ከአላስካ በቀር መግደልን በሕግ ከለከሉ፤ በ1972 መርጨትን ከለከሉ።

እዚህ ላይ ሐተታዬን ልቋጭ ነበር። ግን ካርሰን ያን መጽሐፍ የጻፈችው እዚሁ ዋሽንግተን ጥግ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ነው፤ ዛሬ በየግሮሰሪው እንጀራ በሚሸጥባት፣ ግማሹ ወሬ በአማርኛ በሚወራባት ሲልቨር ስፕሪንግ። እዚያው ቡና ስንጠጣ ነገሩን ለአንድ አዛውንት አወራኋቸው። በወጣትነታቸው ዝዋይ አካባቢ በወባ ማጥፊያ ይሠሩ ነበር። ዝም ብለው ሰሙኝና ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«ልጄ፣ አንተ መርዝ የምትለው እኛ ዘንድ መድኃኒት ነበር።»

«እሱስ ልክ ነው፣ ጋሼ፤ ግን ንስሩን…»

«ንስሩን ተወውና ስማኝ። መርጫውን በጀርባዬ አዝዬ ቤት ለቤት ስዞር እናት ልጇን ታቅፋ በር ላይ ትጠብቀኝ ነበር። ልጁ ይንቀጠቀጣል። እኔ ግድግዳውን ባልረጭ ምን ይውጣት ነበር?»

መልስ አልነበረኝም። በ1958 በኢትዮጵያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 150,000 ያህል ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። ዲዲቲ ነፍሳትን እንደሚገድል የደረሰበት ፖል ሙለርም በ1948 የኖቤል ሽልማት የተሰጠው በሕክምና ዘርፍ ነው። አንዱ ዱቄት የዝዋይን ልጅ አዳነ፤ የአናኮስቲያን ጫጩት አጠፋ። «ማቆም ጥሩ ነው» ብዬ ብፈርድ በዚያች እናት ላይ መፍረዴ ነው። «ማድረግ ጥሩ ነው» ብል በሌላይቱ ላይ።

መውጫው የተገኘው አዛውንቱ ሳያስቡት ከተናገሩት ቃል ነው። «ተወው» አሉኝ። አማርኛ «ተወ» ከሚለው ግስ ሁለት መንገድ ያወጣል። «ተወው» ስንል ጣለው፣ ፊትህን አዙርበት፣ ጉዳይህ አይደለም ማለታችን ነው። «ተውለት» ስንል ግን የያዝከውን ለእሱ ብለህ ልቀቅ፣ ዕዳውን ማርለት፣ መንገዱን ስጠው ማለት ነው። እጅ በሁለቱም ይሰበሰባል፤ ዓይን ግን በመጀመሪያው ይዞራል፣ በሁለተኛው ሲያይ ይኖራል። ታሞ የሚንቀጠቀጥን ልጅ ሳይረዱ ማለፍ «ተወው» ነው። ረግረጉን ሁሉ በመርዝ አለማጥለቅ «ተውለት» ነው። መለያው ማድረግና አለማድረግ አይደለም፤ ክብደቴ የሚያርፈው የት ነው፣ ከሥሩስ ማን አለ ብሎ መጠየቅ ነው። በቤት ግድግዳ ላይ በልክ የተቀባው ዲዲቲና ከሰማይ የፈሰሰው አንድ ነገር አይደሉም። ካርሰንም ኬሚካል ሁሉ ይቅር አላለችም፤ የነቀፈችው ውጤቱን ሳያውቁ በጅምላ መርጨትን ነው። በ2001 የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነትም ዲዲቲን ከእርሻ ሲያስወጣ ለበሽታ አስተላላፊ ነፍሳት መከላከያ መንገድ ትቶለታል።

ፍርዴን በሁለት ነገር ፈተንኩት። የመጀመሪያው፣ ከ1994 እስከ 1998 ድረስ በአርቦሬተሙ ውስጥ 16 ወጣት ንስሮች ተለቀቁ። የለቀቋቸው ኧርዝ ኮንሰርቬሽን ኮር በሚባል ማኅበር የታቀፉ፣ ከዋሽንግተን ድኻ ሰፈሮች የመጡ ወጣቶች ነበሩ። ሊለቀቅ በሰው እጅ የሚያድግ የንስር ጫጩት የሚያበላውን ሰው እንዳያይ ይደረጋል፤ ሰውን ከምግብ ጋር ካገናኘ ለራሱ መኖር ያቅተዋል። ሳይታዩ ማብላት! ልጆቹ ጓደኞቻቸውን በጥይት የተነጠቁ ነበሩ፤ ለአንዳንዶቹ ንስሮች የሟቾቹን ስም አወጡላቸው። ንስሩን ሕግ ሲጠብቀው እነሱን የጠበቃቸው ማን ነበር? ይህም ጥያቄ ከንስሩ አይለይም፤ ከተማው ለእነዚያ ሰፈሮች ሰዎች ሲያደርግ የኖረው «ተወው»ን ነውና።

ሁለተኛው ፈተና በ2017 መጣ። በአርቦሬተሙ ጎጆ ያለች አንዲት ጫጩት እግሯ በጎጆው ጭራሮ መካከል ተሰንጎ ቀረ። ጎጆውን የሚያሳየው ካሜራ ላይ ሺዎች እያዩ ነበር። ተፈጥሮ ነው ብሎ መተው ይቻል ነበር። ባለሙያዎች ዛፉ ላይ ወጥተው አላቀቋት፣ አስመረመሯት፣ በማግስቱ መልሰው ጎጆዋ ውስጥ አኖሯትና ወረዱ። ለእኔ ከመውጣታቸው ይልቅ መውረዳቸው ይበልጣል። አዝነው አላስቀሯትም፤ ለማዳ አላደረጓትም። እጃቸውን የዘረጉት በሚያስፈልገው ልክ ነው፤ የሰበሰቡትም በዚያው ልክ ነው።

ታዲያ እኔስ? እኔም ባይኖኩላሬን ይዤ ክብደት ነኝ። የሚያዩት ሲበዙበት ንስር ከዕንቁላሉ ይነሣል፤ የየካቲት ብርድም ዕንቁላሉን ለመግደል ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። የአገሪቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ከጎጆው የሚታይ ግንባታ 200 ሜትር ያህል እንዲርቅ ይመክራል። እኔ ግንባታ አይደለሁም፤ ግን በየቀኑ ትንሽ እየቀረብኩ እንደነበር ለራሴ አልደብቅም። ለፎቶ ነው፣ ለፍቅር ነው፣ ሁሉም ሲደመር ግን ለእኔ ነው።

መጋቢት ላይ አዛውንቱን ይዤ ሄድኩ። ጫጩት ይፈለፈላል ተብሎ የሚጠበቅበት ሳምንት ነበር፤ ጥቂት ጠጋ ብንል ይሻላል አልኳቸው። ባይኖኩላሩን ተቀብለው ረጅም ጊዜ አዩ። ነጩ ራስ ወደ እኛ ዞሮ ነበር።

«አየችን» አሉ ባይኖኩላሩን እየመለሱልኝ። «በል፣ እንሂድላት።»