ያልተከሉትን ስለ መቍረጥ

በቦንጋ ዙሪያ በሚገኘው የከፋ ደን ውስጥ ቀረሮ የተባለው ዛፍ ከሌሎቹ ዛፎች ሁሉ በላይ ራሱን አንሥቶ እስከ 50 ሜትር ይረዝማል። ከበታቹም የሰው እጅ ያልተከለው የጫካ ቡና በጥላው ተጠልሎ ያፈራል። ታላቁን ቀረሮ ያበቀለው ብዙ ዘመን ነው፤ ለመጣሉ ግን አንድ ቀን ይበቃል። እንግዲህ ያልተከልነውን፣ በዕድሜያችንም ልንተካው የማይቻለንን ነገር «የእኔ ነው» ለማለት መብት አለን ወይ?

እኛ እንደሚመስለን፣ እንዲህ ያለው ሀብት በእጃችን ያለ አደራ ነው፤ ተረካቢውም ገና ያልተወለደው ልጅ ነው። ነገር ግን ጠባቂው ዛሬ ይርበዋል። ችግር አስገድዶት ሳንቃ የሸጠውን ገበሬ መውቀስ ቀላል ነው፤ ወቃሹም ምናልባት የሚጽፈው ከቀረሮ በተሠራ ጠረጴዛ ላይ ይሆናል። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ የከፋን ደን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ሲመዘግብ ክብሩ ለአገር ሁሉ ሆነ፤ መጥረቢያውን የማንሣትና የማስቀመጥ ፈተና ግን ዛሬም የነዋሪው ነው።

ጥላው የብዙዎች ከሆነ የጥበቃው ሸክም በአንድ ድኻ ትከሻ ላይ ብቻ ሊወድቅ አይገባም። ስለዚህ «አትቍረጥ» የሚል ሁሉ አስቀድሞ «በምን ትኖራለህ?» ብሎ መጠየቅ፣ መልሱንም ሰምቶ የድርሻውን መሸከም ግዴታው ነው።