ሰው የሌለው ልጅ፦ የድጋፍ ደብዳቤና ቃለ መጠይቅ በፍትሕ ሚዛን

ቦታው ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ በሆነበት ስፍራ ሁሉ የፍትሕ ጥያቄ ሳይጠራ ይመጣል። የሚከፋፈለው ነገር እህል ወይም መሬት ሲሆን ጥያቄው ለሁሉ ግልጽ ነው፤ የትምህርት ዕድል ሲሆን ግን ብዙ ጊዜ ተሸፍኖ ያልፋል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ከእነዚህ ከተሸፈኑት ጥያቄዎች አንዱን ነው። አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ከብዙ አመልካቾች መካከል ጥቂቶችን ሲመርጥ፣ ሰው ስለ ልጁ የጻፈውን የድጋፍ ደብዳቤና ልጁ ራሱ በቃለ መጠይቅ የተናገረውን ምን ያህል ሊመዝን ይገባዋል?

ነገሩ ከእኛ የራቀ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን አይደለም። ከምእመናኖቻችን መካከል ልጆቻቸው ወይም ወንድሞቻቸውና እኅቶቻቸው በዋሽንግተን ከተማ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖሩ ጥቂቶች አይደሉም። በዚያ አገር ለአካባቢው ልጅ ሁሉ ክፍት ከሆኑት መደበኛ ትምህርት ቤቶች ሌላ፣ በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደሩና ያለ ክፍያ የሚያስተምሩ፣ ነገር ግን ተማሪዎቻቸውን መርጠው የሚቀበሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አሉ። አመልካቹ የአሥራ ሦስት ወይም የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው። አንዳንዶቹ በፈተና ብቻ፣ ሌሎቹ በክፍል ውጤትና በልጁ ጽሑፍ፣ ሌሎቹም የድጋፍ ደብዳቤና ቃለ መጠይቅ ጨምረው ይመርጣሉ። የድጋፍ ቃል እንዲጽፉ ከሚለመኑት ሰዎች መካከልም ካህናትና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን አይጠፉም። ስለዚህ ጥያቄው የሩቅ አገር አስተዳደር ብቻ ሳይሆን የኅሊናችንም ጥያቄ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድመን ስለ ደብዳቤው መልካምነት እንናገር። ቁጥር ሁሉን አይገልጽም። ሁለት ልጆች በሒሳብ እኩል ሰማንያ ቢያገኙ፣ አንደኛው በቤቱ ጸጥ ያለ ክፍልና አስጠኚ ያለው፣ ሁለተኛዋ ግን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ታናናሾቿን የምትጠብቅ፣ እናቷንም ሐኪም ቤት አጅባ የምታስተረጉምላት ልትሆን ትችላለች። ሰማንያው አንድ ነው፤ የተገኘበት ድካም ግን አንድ አይደለም። ይህን ሊናገር የሚችለው ልጆቹን የሚያውቅ ሰው ነው። ቤተ ክርስቲያንም ከመጀመሪያው ዘመን ጀምሮ በእንዲህ ያለ ምስክርነት ስትገለገል ኖራለች። ቅዱስ ጳውሎስ ፌቤንን ለሮሜ ምእመናን አደራ ብሎላታል (ሮሜ 16፥1-2)። ለፊልሞና የላካትም አጭር መልእክት ስለ አናሲሞስ የተጻፈች የድጋፍ ደብዳቤ ናት። እርሱ ራሱም ወደ ኢየሩሳሌም በመጣ ጊዜ ሁሉ ሲፈሩት፣ ወስዶ ከሐዋርያት ጋር ያገናኘውና የመሰከረለት በርናባስ ነበር (ሐዋ 9፥26-27)። እንግዲህ ሰው ስለ ሰው መመስከሩ በራሱ ክፉ አይደለም፤ እንዲያውም የፍቅር ሥራ ሊሆን ይችላል።

ይሁን እንጂ ታሪክ ሌላውንም ገጽ ያሳየናል። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበሩት አቦት ሎረንስ ሎወል በ1922 የአይሁድ ተማሪዎች ቁጥር በኮታ እንዲወሰን ሐሳብ አቀረቡ። ግልጽ የሆነው ኮታ ተቃውሞ ገጥሞት ሲቀር፣ ዩኒቨርሲቲው በ1926 ከትምህርት ውጤት ጋር የአመልካቹን ጠባይ የሚመዝን ደንብ ተቀበለ። የድጋፍ ደብዳቤ፣ ቃለ መጠይቅና ፎቶግራፍም የምርጫው መሣሪያዎች ሆኑ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የአይሁድ ተማሪዎች ቁጥር በብዙ ቀነሰ። ማንንም በዘሩ ምክንያት አንቀበልህም ማለት አላስፈለገም፤ ጠባዩ አይመጥንም ማለት ይበቃ ነበር። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ማንም ሊመረምረው የማይችል መመዘኛ፣ ሰው በአደባባይ ሊናገረው ለሚያፍርበት ሐሳብ መደበቂያ ይሆናል።

በዚህም ምክንያት ብዙዎች ፈተና ብቻውን ይፍረድ ይላሉ። በኒው ዮርክ በ1971 የወጣ ሕግ ስታይቨሰንት፣ ብሮንክስ ሳይንስና ብሩክሊን ቴክ ወደሚባሉት ትምህርት ቤቶች መግቢያው አንድ የጽሑፍ ፈተና ብቻ እንዲሆን ደነገገ። በዚያ ደብዳቤ የለም፤ ቃለ መጠይቅም የለም፤ የባለሥልጣን ልጅና የጽዳት ሠራተኛ ልጅ አንድ ዓይነት ወረቀት ይቀበላሉ። በዚህም በር ብዙ የድሀ ስደተኞች ልጆች ገብተዋል። ነገር ግን በ2019 ስታይቨሰንት ቦታ ከሰጣቸው 895 ተማሪዎች መካከል ጥቁሮቹ 7 ብቻ ነበሩ። ፈተና አማላጅን ከደጅ ያስቀራል። ለዓመታት ገንዘብ ተከፍሎለት የተዘጋጀውን ልጅ፣ ፈተናው መኖሩን እንኳ ዘግይቶ ከሰማው ልጅ ለይቶ ማየት ግን አይችልም።

በሰሜን ቨርጂኒያ፣ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በፌርፋክስ አካባቢ የሚገኘው የቶማስ ጀፈርሰን የሳይንስና የቴክኖሎጂ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዚህን ጥያቄ ክብደት ያሳያል። ትምህርት ቤቱ እስከ 2020 ድረስ የመግቢያ ፈተና፣ የ100 ዶላር የማመልከቻ ክፍያና የመምህራን የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቅ ነበር። በዚያ ዓመት መጨረሻ የትምህርት ቦርዱ ፈተናውንና ክፍያውን አስቀረ፤ የመምህራን ደብዳቤም በአዲሱ ደንብ ውስጥ ስፍራ አላገኘም። በምትኩ የክፍል ውጤት፣ ልጁ ስለ ራሱ የሚጽፈው ጽሑፍና አንድን ችግር የሚፈታበት ድርሰት ተመዘኑ። የቤተሰብ ድህነትና እንግሊዝኛን ገና በመማር ላይ መሆንም ከግምት ገቡ። ከእያንዳንዱ የመንግሥት መካከለኛ ትምህርት ቤት ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች 1.5 በመቶ ያህል ቦታ ተጠበቀ። መዛኞቹ የአመልካቹን ስም፣ ዘርና ጾታ እንዳያውቁ ተደረገ። የእስያ ተወላጆች የሚበዙበት የወላጆች ማኅበር ግን ደንቡ ልጆቻችንን ለመቀነስ የታሰበ ነው በማለት ከሰሰ። በ2022 የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ለከሳሾቹ ፈረደ፤ በ2023 ይግባኝ ሰሚው ፍርዱን ሻረ፤ በ2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ለማየት ሳይፈቅድ ቀረ። በሁለቱም ወገን የቆሙት ስለ ልጆቻቸው የሚጨነቁ ወላጆች ነበሩ። ከዚህ እንደምንረዳው እንከን የሌለበት ሚዛን በምድር ላይ አይገኝም። እንግዲህ ጥያቄያችን የትኛው መሣሪያ ንጹሕ ነው የሚል ሳይሆን፣ መሣሪያውን የያዘው እጅ ምንን ሊመለከት ይገባዋል የሚል መሆን አለበት።

ለዚህ ቅዱስ ቶማስ አኵዊናስ ይረዳናል። ይህ መምህር በሱማ ቴዎሎጂካ ለሰው ፊት ማድላት በአከፋፋይ ፍትሕ ላይ የሚፈጸም ኃጢአት መሆኑን ያስረዳል። ለማስረጃነትም የመምህርነትን ሹመት ያነሣል። አንድን ሰው በቂ እውቀት ስላለው መምህር አድርጎ መሾም ተገቢውን ምክንያት መመልከት ነው። እገሌ ስለሆነ፣ ባለጸጋ ወይም ዘመድ ስለሆነ መሾም ግን ምክንያቱን ትቶ ሰውየውን መመልከት ነው። ይህ ልዩነት ለጥያቄያችን ቁልፍ ነው። በአንድ ደብዳቤ ውስጥ ልጅቱ ያልገባትን ነገር ደግማ ደጋግማ እንደምትጠይቅ፣ ወድቃ እንደምትነሣ፣ ጓደኞቿንም እንደምታስጠና ቢጻፍ፣ ይህ ሁሉ ለትምህርት የሚያበቃትን ምክንያት የሚናገር ነው። አባቷ የታወቀ ሰው መሆኑ፣ ቤተሰቧም ለቁምስናው ብዙ መለገሱ ቢጻፍ ግን ደብዳቤው ከምክንያቱ ወጥቷል። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 የወርቅ ቀለበት ያደረገውን በክብር ስፍራ አስቀምጠው ድሀውን የሚያቆሙትን የገሠጸው ስለዚህ ነው።

ደብዳቤ ሌላም ችግር አለበት። እውነትን ብቻ የያዘ እንኳ ቢሆን፣ ደብዳቤ የሚገኘው ጻፊ ላለው ነው። በእኛ ቋንቋ ጉዳዩ የሚፈጸምለት ሰው አለው፣ የማይፈጸምለት ሰው የለውም ይባላል። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ ሠላሳ ስምንት ዓመት የታመመው መጻጉዕ ለጌታችን የተናገረው ይህንኑ ነበር። ውኃው በሚናወጥበት ጊዜ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው አልነበረውም፤ ሌላውም ሁልጊዜ ይቀድመው ነበር (ዮሐ 5፥7)። ወላጆቹ ሌሊት የሚሠሩ፣ የአገሩን ቋንቋ ገና ያልለመዱ፣ ከመምህራኑ ጋር ተገናኝተው የማያውቁ ስደተኛ ልጅም እንዲሁ ነው። ብዙ ተማሪዎች የሚያስተምር መምህር ስለ እርሱ የሚጽፈው ጥቂት ነው። ይህም የሚሆነው ልጁ ስላነሰ ሳይሆን ማንም ቀርቦ ስላላወቀው ነው። እንግዲህ ደብዳቤው ባዶ ሲሆን ባዶነቱ የልጁ ነው ወይስ የጻፊው ብሎ መጠየቅ የመራጩ ግዴታ ነው።

ቃለ መጠይቅን በተመለከተ የመጀመሪያው መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 16 ታላቅ ትምህርት ይሰጠናል። ነቢዩ ሳሙኤል የእሴይን ልጆች በፊቱ ሲያሳልፉለት የኤልያብን ቁመትና መልክ አይቶ የተመረጠው እርሱ መሰለው። እግዚአብሔር ግን ሰው ፊትን፣ እርሱ ግን ልብን እንደሚያይ ነገረው። ልብ እንበል፤ የተመረጠው ዳዊት በጎቹን ይጠብቅ ስለነበረ ከነጭራሹ ወደዚያ አልተጠራም ነበር። ነቢይ የተሳሳተበትን የዓይን ፍርድ፣ አንድ መምህር በሃያ ደቂቃ ውስጥ እንዳይሳሳት ምን ይጠብቀዋል?

ለእኛ ልጆች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ፈተና አለ። በቤታችን ጨዋ ልጅ በታላላቆች ፊት ዓይኑን ዝቅ ያደርጋል፣ በዝግታና በአጭሩ ይመልሳል፣ ራሱን ማመስገን እንደ ነውር ይቆጥረዋል። ዓይን ለዓይን እያዩ ስለ ራስ በድፍረት መናገር እንደ ብስለት በሚቆጠርበት አገር፣ ይህ ጨዋነት የፍላጎት ማነስ ወይም ፍርሃት ሊመስል ይችላል። ጠያቂው ልጁን የመዘነ ይመስለዋል፤ የመዘነው ግን የአንድን ባህል ልማድ ነው። ይህ ማለት ቃለ መጠይቅ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ተዘጋጅቶ፣ መልሱም በተጻፈ መመዘኛ ሲመዘን፣ እንደ መጣ ከሚደረግ ጭውውት የተሻለ እንደሚያመለክት ስለ ሥራ ቅጥር የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ሥርዓት እዚህ ላይ ደረቅ ወግ አይደለም፤ የማይናገረውን ልጅ ከጠያቂው ስሜት የሚጠብቅ አጥር ነው።

ከዚህ ሁሉ ተነሥተን የምንደርስበት ፍርድ ይህ ነው። ደብዳቤና ቃለ መጠይቅ የሚጠቅሙት ቁጥር የሸፈነውን ድካም ለመግለጥ ሲያገለግሉ ነው፤ ቁጥር ያስገኘውን ዕድል ከሰው የለሹ ለመንጠቅ ሲውሉ ግን ፍትሕን ይጎዳሉ። ስለዚህ በር ለመክፈት ይመዘኑ እንጂ በር ለመዝጋት አይበርቱ። በሁሉም ዘንድ እኩል ሊገኙ በማይችሉበት ስፍራ ደግሞ ክብደታቸው እንዲያንስ ፍትሕ ይጠይቃል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው መግለጫ ሰው ሁሉ በሰብአዊ ክብሩ ምክንያት የማይገፈፍ የትምህርት መብት እንዳለው አስተምሯል። ይህ መብት በጻፊ መኖርና አለመኖር ሊለካ አይገባውም።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራንና ለእኛ ለካህናት ከዚህ የሚወጡ ግዴታዎች አሉ። የድጋፍ ደብዳቤ ምስክርነት ስለሆነ ሐሰት መመስከርን የሚከለክለው ትእዛዝ ይመለከተዋል። ለማናውቀው ልጅ የሚያውቁት መስለን አንጻፍ፤ ለምናውቀውም ያየነውን እንጂ የተመኘንለትን አንጻፍ። ከመጠን ያለፈ ምስጋና ቸርነት ቢመስልም፣ ከዚያ ልጅ ጋር አብሮ የሚወዳደረውን የማናየውን ልጅ ይጎዳል። ደጃችንን ያንኳኳውን ብቻ ሳንጠብቅ፣ መለመን የማያውቀውን ቤተሰብ ፈልገን ልጻፍላችሁ እንበል። ለመጻጉዕ ሰው መሆን ማለት ይህ ነው። በራሳችን ትምህርት ቤቶች ውስጥም ልጆችን ስንቀበል ይህንኑ ሚዛን በራሳችን ላይ ማዋል ይገባናል፤ በሌላው ቤት የነቀፍነውን አድልዎ በእኛ ቤት ዝምድና ብለን ልንጠራው አይገባም።

ወላጆችም ልጆቻቸውን የሐሰት መልስ ከማስጠናት ይጠበቁ። ትሕትና በእውነት መመላለስ መሆኑን ቅድስት ተሬዛ ዘአቪላ አስተምራናለች። ስለዚህ ልጅ የሠራውን ሥራ ቀና ብሎ፣ ሳይጨምርና ሳይቀንስ መናገሩ ትዕቢት አይደለም፤ የተሰጠውን መክሊት አለመቅበር ነው። ይህን ከቃለ መጠይቁ ቀን በፊት በቤትና በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ልናለማምደው እንችላለን።

በመጨረሻም፣ ቦታ ላላገኘው ልጅ የምንናገረው ቃል ከሁሉ ይበልጣል። የትኛውም ኮሚቴ የሚወስነው ስለ አንድ ወንበር ነው፤ ስለ አንድ ሰው ዋጋ የመወሰን ሥልጣን አልተሰጠውም። ይህን ልጁ በፊታችን ላይ ካላነበበው በቃላችን አያምነውም። ተቀባይነት ያገኘውን ስናመሰግን ያላገኘውን በሐዘኔታ ዓይን ከማየት እንጠበቅ፤ በመደበኛው ትምህርት ቤት ውስጥ ሆኖ የሚያጠናበትን ጊዜ፣ መጽሐፍና አስጠኚ እናዘጋጅለት። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ምእመናን በላከው ሁለተኛ መልእክት ምዕራፍ 3 የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልገው እንደሆነ ጠይቆ፣ ደብዳቤው በልብ ላይ የተጻፉት ምእመናኑ ራሳቸው መሆናቸውን ገልጿል። የምንጽፋቸው ወረቀቶች ተነበው ይቀመጣሉ፤ በልጆቻችን ልብ ላይ የምንጽፈው እውነትና ፍትሕ ግን ዕድሜ ልካቸውን አብሯቸው ይኖራል።